የሉዊ ሼቭሮሌ ስምና ሙያ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ይህ አባባል ዘወትር የሚነገረው መልካም ሥራ ሠርቶ ያለፈ ሰው በተከታዩ ትውልድ ዘንድ ሲታወስ ነው። ነገር ግን ስሙ ከመቃብር በላይ መዋሉ ብቻ ሳይሆን፣ ገና በሕይወት ሳለ ከእርሱ ተለይቶ የሌላ ሰው ንብረት የሆነበት አንድ ሰው ነበረ። ስሙ በብዙ ሺህ አውቶሞቢሎች ላይ ተጽፎ ዓለምን ሲዞር፣ እርሱ ግን በዚያው ስም በሚጠራው ፋብሪካ ውስጥ በደመወዝ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ይህ ሰው ሉዊ ሼቭሮሌ ነው። የሕይወቱ ታሪክ የአውቶሞቢል ሥራና የአውቶሞቢል እሽቅድድም አብረው ያደጉበትን ዘመን ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሉዊ ሼቭሮሌ ዲሴምበር 25 ቀን 1878 በስዊዘርላንድ አገር፣ ላ ሾ ደ ፎን በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማዪቱ በዡራ ተራሮች ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በዚያን ዘመን የነዋሪዎቿ ዋና መተዳደሪያ የሰዓት ሥራ ነበር። የሉዊም አባት ሰዓት ሠሪ ነበር። የኪስ ሰዓት ሆድ ዕቃ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም በማይበልጡ ጥርሶችና ብሎኖች የተሞላ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከልኩ የጸጉር ያህል ቢዛባ ሰዓቱ በሙሉ ይቆማል። ስለዚህ ሉዊ ያደገው ብረት በትዕግሥትና በትክክለኛ ልክ በሚሠራበት፣ ግምት ቦታ በሌለው ቤት ውስጥ ነበር። በኋላ ዘመን ግዙፍ ሞተሮችን ሲሠራ የረዳው ይህ የልጅነት ትምህርት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሉዊ ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ስዊዘርላንድን ለቆ ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻገረና ቦን በተባለች ከተማ ተቀመጠ። ቦን በቡርጎኝ አውራጃ የምትገኝ፣ በወይን እርሻና በወይን ጠጅ ንግድ የታወቀች ከተማ ናት። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች ስለ ነበሩት ሉዊ በትምህርት ቤት ብዙ ሳይቆይ ወደ ሥራ ገባ። የተቀጠረው ብስክሌት በሚጠገንበት የመካኒክ ቤት ነበር። ብስክሌት በዚያን ጊዜ የዘመናዊነት ምልክት ስለ ነበር ወጣቶች ሁሉ ይመኙት ነበር። ሉዊ በዚህ ሥራ ላይ የሰንሰለትን፣ የጥርስንና የኩሽኔታን ጠባይ ጠንቅቆ አወቀ። ቀን የጠገነውንም ብስክሌት በበዓል ቀን በውድድር ሜዳ ላይ ይነዳው ነበር። በሰውነቱ ግዙፍና ጠንካራ፣ በጠባዩም ደፋር ስለ ነበር ለውድድር የተፈጠረ ይመስል ነበር። መሥራትና መወዳደር በአንድ ሰው ውስጥ የተጋጠሙት እንግዲህ ከዚህ ጀምሮ ነው።

በዚያን ጊዜ አውቶሞቢል ገና ሕፃን ነበር። ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በቤንዚን ሞተር ለሚሄደው ባለ ሦስት እግር መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው በ1886 ነው። ሆኖም አዲሱን ተሽከርካሪ ከሁሉ ቀድማ ያስፋፋችው ፈረንሳይ ነበረች። ሕዝቡ ግን ይህ የሚያጓራና የሚጨስ ነገር ፈረስን ይተካል ብሎ ለማመን ተቸግሮ ነበር። ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ ሠሪዎቹ መኪናዎቻቸውን በአደባባይ ማወዳደር ጀመሩ። በ1894 ከፓሪስ እስከ ሩዋን፣ በ1895 ደግሞ ከፓሪስ እስከ ቦርዶ ደርሶ መልስ ውድድር ተደረገ። በውድድሩ ያሸነፈ መኪና በማግሥቱ ገዢ ያገኝ ነበር። ስለዚህ እሽቅድድም በዚያ ዘመን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የፋብሪካ መፈተኛና የንግድ ማስታወቂያ ጭምር ነበር።

ሉዊም የዘመኑ ጥሪ ሳበውና ከቦን ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ በ1900 ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ወደተባለችው ከተማ ተጓዘ። የከተማዪቱ ብዙ ሕዝብ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ስለ ሆነ ለእርሱ የሚስማማ ነበር። በዚያ በሾፌርነትና በመካኒክነት ሠራ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረና በመጨረሻ ደ ዲዮን ቡቶን የተባለው የፈረንሳይ አውቶሞቢል ኩባንያ ብሩክሊን ላይ በነበረው ቅርንጫፍ ተቀጠረ። ቆየት ብሎም ወንድሞቹ አርተርና ጋስቶን ተከትለውት ወደ አሜሪካ መጡ። ሦስቱም ወንድማማቾች በአንድ ሙያ ተሰለፉ።

የሉዊ ስም በሕዝብ ዘንድ መታወቅ የጀመረው በ1905 ነው። በዚያ ዓመት ፊያት የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ መኪና ተሰጥቶት፣ በኒው ዮርክ ሞሪስ ፓርክ በተባለው ሜዳ ለውድድር ቀረበ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በአሜሪካ ምድር እጅግ ዝነኛ የነበረው ባርኒ ኦልድፊልድ ነበር። ተመልካቹ ያላወቀው የ26 ዓመቱ ሉዊ ግን ዝነኛውን ቀደመው። አንድ ማይል የሆነውን ርቀት፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ52.8 ሴኮንድ ጨረሰ። ይህም በሰዓት ወደ 109 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ፍጥነት ነው። ዛሬ ይህ ፍጥነት የሚያስገርም አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ግን ብዙ ሰው በፈረስ ጋሪ ስለሚሄድ እንደ ተአምር ይቆጠር ነበር። ሉዊ በዚሁ ዓመት ሱዛን የተባለች ወጣት አገባ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ።

የዚያን ዘመን እሽቅድድም ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው። መኪናው ጣራ የለውም፤ ነጂውን ከመቀመጫው ጋር የሚያስር ቀበቶ የለም። የራስ መከላከያው ተራ የጨርቅ ቆብ ሲሆን፣ ዓይን ከአቧራ የሚድነው በመነጽር ብቻ ነበር። መንገዱ አቧራ ወይም ጠጠር በመሆኑ ጎማ ቶሎ ቶሎ ይፈነዳ ነበር። ከነጂው ጎን አንድ መካኒክ ተቀምጦ ዘይት በእጁ ይገፋል፤ ጎማውን ይመለከታል፤ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ለነጂው ያመለክታል። አደጋ በደረሰ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይወድቁ ነበር። ሉዊም በሥራ ዘመኑ ከአንድ ጊዜ በላይ በጽኑ ቆስሏል፤ ሆኖም ከሕመሙ በዳነ ቁጥር ወደ መሪው ይመለስ ነበር።

የሉዊን ሕይወት አቅጣጫ የለወጠው ከዊልያም ዱራንት ጋር የተገናኘበት ጊዜ ነው። ዱራንት በሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ በፍሊንት ከተማ የፈረስ ጋሪ በማሠራት የበለጸገ ነጋዴ ነበር። ብረት መቀጥቀጥ ወይም ሞተር መፍታት ሙያው አልነበረም፤ ዕቃ መሸጥና ገንዘብ ማሰባሰብ ግን ከማንም የበለጠ ያውቅ ነበር። በ1904 ሊወድቅ የደረሰውን የቢዊክ አውቶሞቢል ኩባንያ ተረክቦ አነሣው፤ በ1908 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ የተባለውን ታላቅ ኩባንያ መሠረተ። ቢዊክን ለማስተዋወቅ ጎበዝ ተሽቀዳዳሪዎች ያስፈልጉት ስለ ነበር ሉዊንና አርተርን ቀጠራቸው። ስለ ቅጥሩ የሚተረክ አንድ ወግ አለ። ዱራንት ለራሱ ሾፌር ሲፈልግ ሁለቱን ወንድማማቾች በሜዳ ላይ አሽቀዳደማቸው ይባላል። ሉዊ በድፍረት ነድቶ ቀደመ፤ አርተር በጥንቃቄ ነድቶ ተቀደመ። ዱራንት ግን ሾፌር እንዲሆነው የመረጠው የተቀደመውን ነው። የቀደመው ለውድድሩ ቡድን ሆነ። ወጉ በትክክል እንዲህ ሆኖ ይሁን አይሁን፣ የሦስቱን ሰዎች ጠባይ በጥሩ ሁኔታ ይገልጻል።

ሉዊ በቢዊክ መኪና ብዙ ድል አገኘ። በጁን 1909 በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፣ በክራውን ፖይንት በተደረገው የኮብ ዋንጫ ውድድር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት በኢንዲያናፖሊስ ከተማ አጠገብ አዲስ የእሽቅድድም ሜዳ ተከፈተ። የሜዳው ዙሪያ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ የተነጠፈው ጠጠርና ሬንጅ በመኪናዎቹ ክብደት ስለ ተፈረካከሰ፣ በመክፈቻው ውድድር ሰዎች ሞቱ። ባለቤቶቹም ሜዳውን እንደ ገና ከ3 ሚሊዮን በላይ በሆነ ጡብ አስነጠፉት። ከ1911 ጀምሮ በዚህ ሜዳ ላይ 200 ዙር፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሚፈጀው ታላቅ ውድድር በየዓመቱ መደረግ ጀመረ። ይህ ሜዳ ለሼቭሮሌ ወንድማማቾች የደስታቸውም የሐዘናቸውም ስፍራ ሊሆን ነው።

ዱራንት ብዙ ኩባንያዎችን በብድር ገዝቶ ስለ ነበር በ1910 ዕዳው ከበደው። ባንኮችም ገንዘብ ሲያበድሩት የጄኔራል ሞተርስን አመራር ከእጁ ወሰዱ። ዱራንት ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ከመሠረተው ቤት ተባርሮ ሳለ ሌላ ቤት ለመሥራት አሰበ። ለአዲሱ ቤት የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው መኪና የሚሠራ ባለ ሙያ፣ ሁለተኛው ሕዝብ የሚያውቀው ስም። ሉዊ ሼቭሮሌ ሁለቱንም አሟልቶ የያዘ ሰው ነበር። ስሙ በየጋዜጣው የውድድር ዜና የታወቀ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛ መምሰሉም ለጆሮ ይጥም ነበር። በዚህ ምክንያት ኖቬምበር 3 ቀን 1911 የሼቭሮሌ አውቶሞቢል ኩባንያ በሚሺጋን ተቋቋመ። ሉዊ ስሙንና ሙያውን አዋጣ፤ ዱራንት ደግሞ ካፒታሉንና የንግድ ብልሃቱን አቀረበ።

ሉዊ ኤትየን ፕላንሽ ከተባለ መሐንዲስ ጋር ሆኖ የኩባንያውን የመጀመሪያ መኪና ነደፈ። መኪናው ክላሲክ ሲክስ ተባለ። ሞተሩ 6 ሲሊንደሮች ያሉትና 40 የፈረስ ጉልበት ያህል የሚሰጥ ሲሆን፣ መኪናው አምስት ሰዎችን ይዞ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ይችል ነበር። አሠራሩ ጠንካራ፣ መልኩም ያማረ ነበር። ሉዊ ስሙን ሊሰጠው የሚወደው መኪና እንዲህ ያለ ነበር። ዋጋው ግን 2,150 ዶላር ነበር።

ጠቡ የመጣው በዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ሄንሪ ፎርድ በ1908 በ850 ዶላር መሸጥ የጀመረውን ሞዴል ቲ የተባለ መኪና ዋጋውን ከዓመት ወደ ዓመት እያወረደ፣ ለገበሬውና ለሠራተኛው ያዳርስ ነበር። በ1913 ደግሞ መኪናው በሠራተኞቹ ፊት እየተንቀሳቀሰ የሚገጣጠምበትን አሠራር በፋብሪካው አስገባ። ዱራንት ይህን ሲመለከት የወደፊቱ ገበያ የርካሽ መኪና ገበያ እንደሆነ ተረዳ። ስለዚህ የሼቭሮሌ ስም በአነስተኛና በርካሽ መኪና ላይ እንዲውል ፈለገ። ሉዊ ግን ይህን አልተቀበለም። እንደ እርሱ አስተያየት አንድ ሠሪ ስሙን ሊያኖርበት የሚገባው ከእጁ ሊወጣ በሚችለው ምርጥ ሥራ ላይ ብቻ ነበር። በዚህ ነገር ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው። ዱራንት የገዢውን ኪስ አይቷል፤ ሉዊ የሠሪውን ክብር ጠብቋል።

ስለ ጠባቸው የሚነገር ሌላም ወግ አለ። ሉዊ ከአፉ ሲጋራ የማይለይ ሰው ነበር። ዱራንት ደግሞ የኩባንያ ሹም ርካሽ ሲጋራ ሳይሆን እንደ ባለጸጋ ሲጋር ማጨስ አለበት እያለ ይነቅፈው ነበር ይባላል። ሉዊም በመጨረሻ፣ መኪናውንና ስሙን ቢሸጥለት ራሱን ግን እንደማይሸጥለት ነግሮት ወጣ ተብሎ ይተረካል። የሲጋራው ነገር ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው የጠባቸው ሥር ግን የመኪናው ጉዳይ ነበር። ሉዊ በ1913 ከኩባንያው ተለየ። የአክሲዮን ድርሻውንም ለዱራንት ሸጠ። ስሙ ግን የኩባንያው ንብረት ሆኖ ስለ ተመዘገበ በዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሉዊ ሼቭሮሌ የሚሠራውን መኪና ሼቭሮሌ ብሎ ሊጠራው አልቻለም።

ዱራንት በስሙ ብዙ ሠራበት። ለ1916 ዓመት ሽያጭ ያወጣውን መኪና 490 ብሎ ሰየመው፤ ዋጋውም 490 ዶላር ነበር። ይህ መኪና ከፎርድ መኪና ጋር ለመፎካከር የታሰበ ሲሆን እጅግ ብዙ ገዢ አገኘ። ዱራንት በሼቭሮሌ ኩባንያ ባገኘው ኃይል የጄኔራል ሞተርስን አክሲዮኖች እየሰበሰበ፣ በ1916 የተባረረበትን ኩባንያ እንደ ገና በእጁ አስገባ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሼቭሮሌ የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ሆነ። ሉዊ ድርሻውን ይዞ ቢቆይ ኖሮ ከታላላቅ ባለጸጎች አንዱ በሆነ ነበር።

ሉዊ ግን ወደሚወደው ሥራ ተመለሰ። በ1914 ፍሮንትናክ የተባለ አዲስ ኩባንያ አቋቋመ። ፍሮንትናክ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካናዳ የፈረንሳይ ንጉሥ ገዢ የነበረ መስፍን ስም ነው። የራሱን ስም የተነጠቀ ሰው የሞተ መስፍን ስም መዋሱ የሚያሳዝን ነገር ነበር። መኪናዎቹ ግን የሚያኮሩ ነበሩ። በሞተራቸው ውስጥ አሉሚኒየም በብዛት ስለ ገባ ክብደታቸው ቀላል ነበር። ቀላል መኪና በትንሽ ጉልበት ብዙ ይሮጣል፤ ጎማውንም አይጨርስም። ሉዊ ራሱ ነዳቸው፤ በ1919 በኢንዲያናፖሊስ ሰባተኛ ወጣ።

ታላቁ ቀን የመጣው ሜይ 31 ቀን 1920 ነው። በዚያ ዓመት የሞተሩ መጠን ከ3 ሊትር እንዳይበልጥ ተወስኖ ስለ ነበር፣ ሁሉም ሠሪ አዲስ ሞተር ማዘጋጀት ነበረበት። ሉዊ ሰባት መኪናዎችን ሠራ። አራቱ ሞንሮ ለተባለው ኩባንያ የተሠሩ ሲሆን፣ ሦስቱ ፍሮንትናክ ነበሩ። በውድድሩ ላይ ግን መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ብረት በአንዱ መኪና ላይ ከሌላው ተከትሎ ይሰበር ጀመር። የሉዊም የራሱ መኪና በመሪ ብልሽት ከውድድሩ ወጣ። እንግዲህ ከታላቅ ወንድሙ እጅ በወጣ መኪና ላይ ተቀምጦ ሜዳውን የሚዞረው ታናሽየው ጋስቶን ቀረ። በእርሱም መኪና ላይ ያው ዓይነት ብረት ነበረ።

ብዙ ጊዜ ሲመራ የቆየው ራልፍ ዴ ፓልማ ነበር። ሆኖም ውድድሩ ሊፈጸም ጥቂት ዙር ሲቀረው መኪናው ታወከበትና ቆመ። ጋስቶንም አልፎት ሄደ። ብረቱ አልተሰበረም። የ27 ዓመቱ ጋስቶን 800 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት በአማካይ 142 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ አንደኛ ወጣ። በዚያ ውድድር ታሪክ አንድም ጎማ ሳይቀይር ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። ከ1913 ጀምሮ ያሸነፉት መኪናዎች ሁሉ የአውሮፓ ስለ ነበሩ፣ አሜሪካኖች ከ1912 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራቸው ሥራ ደስ አላቸው።

ደስታው ግን ስድስት ወር አልሞላም። ኖቬምበር 25 ቀን 1920 በካሊፎርኒያ፣ በቤቨርሊ ሂልስ በተደረገው ውድድር የጋስቶን መኪና ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨ። ጋስቶን በ28 ዓመቱ ሞተ። ወንድሙን ወደዚህ ሙያ ያስገባው፣ መኪናውንም የሠራለት ሉዊ ስለ ነበር ሐዘኑ እጥፍ ድርብ ነበር። ሉዊ ከዚያ በኋላ በኢንዲያናፖሊስ ለውድድር አልነዳም። መሥራቱን ግን አላቆመም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1921፣ ቶሚ ሚልተን የተባለው ተሽቀዳዳሪ 8 ሲሊንደር ባለው የፍሮንትናክ መኪና ያንኑ ውድድር አሸነፈ። ስለዚህ የሉዊ እጅ ሥራ በተከታታይ ሁለት ዓመት አንደኛ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ሉዊ ለሕዝብ የሚሸጥ የፍሮንትናክ መኪና ለመሥራት ሞከረ፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚያወጡለት ሰዎች ስለ ከሰሩ አሳቡ አልተፈጸመም። ወንድማማቾቹም ለፎርድ ሞዴል ቲ ሞተር የሚሆን ቴስታታ እየሠሩ መሸጥ ያዙ። በፎርድ ሞተር ላይ ቫልቮቹ በጎን በኩል የነበሩ ሲሆን፣ የወንድማማቾቹ ቴስታታ ከላይ አደረጋቸው። በዚህ ምክንያት ሞተሩ አየርና ቤንዚን በቀላሉ ስለሚስብ ጉልበቱ እጅግ ይጨምር ነበር። ገንዘብ የሌላቸው ወጣት ተሽቀዳዳሪዎች አሮጌ ፎርድ ገዝተው በዚህ ቴስታታ የውድድር መኪና ያደርጉት ነበር። በ1923 እንዲህ የተሠራ አንድ ፎርድ በኢንዲያናፖሊስ ውድድር አምስተኛ ወጣ። የነገሩን አያዎ ልብ ማለት ይገባል። የሼቭሮሌ ኩባንያ ፎርድን ለመቅደም ሲታገል፣ ሼቭሮሌ የተባለው ሰው ግን የፎርድን ሞተር ያጠነክር ነበር። በ1927 ፎርድ ሞዴል ቲን መሥራት ሲያቆም የሼቭሮሌ ኩባንያ በሽያጭ ቀደመው። በዚያ ዓመት 1 ሚሊዮን ያህል መኪና የሉዊን ስም ይዞ ከፋብሪካ ወጣ፤ ለሉዊ ግን ከዚህ ሁሉ አንዲት ዶላር አልደረሰውም።

ሉዊ በመጨረሻ ፊቱን ወደ አውሮፕላን ሞተር መለሰ። የነደፈው ሞተር ጥሩ ነበር፤ ዘመኑ ግን አልረዳውም። በ1929 መጨረሻ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀና ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተከተለ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራ አጣ። የሉዊም ጥሪት አለቀ። በዚህ ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሉዊ ሼቭሮሌ ዲትሮይት ወደሚገኘው የሼቭሮሌ ፋብሪካ ሄዶ በመካኒክነት ተቀጠረ። በየቀኑ የሚያልፍበት በር የራሱን ስም ይዞ ነበር። ይህ ለብዙ ሰው ውርደት መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ መፍቻ በእጁ ይዞ ሞተር መሥራት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውና የሚወደው ነገር እንደ ነበረ መርሳት አይገባም።

ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ጤናው ስለ ታወከ ሥራውን ተወ። ጁን 6 ቀን 1941 በ62 ዓመቱ በዲትሮይት ሞተ። የተቀበረው በኢንዲያናፖሊስ፣ ታናሽ ወንድሙ ጋስቶን ባረፈበት መካነ መቃብር ነው። ስሙን ወስዶ የበለጸገው ዱራንትም ቢሆን መጨረሻው አላማረም። በ1920 ጄኔራል ሞተርስን ለሁለተኛ ጊዜ አጣ፤ በ1936 ደግሞ ፈጽሞ ከሰረ። በ1947 ሲሞት ከዚያ ሁሉ ሀብት የተረፈው ጥቂት ነበር። ሠሪው ስሙን አጣ፤ ነጋዴውም ገንዘቡን አጣ። ኩባንያው ግን ሁለቱንም ጥሎ ቀጠለ።

ስለ ሉዊ ሼቭሮሌ ሕይወት የሚጽፉ ብዙዎች ዕድለ ቢስ ነበር ይላሉ። ሀብትን በገንዘብ ብቻ ለሚለካ ሰው ይህ ፍርድ ትክክል ነው። ሉዊ የውል ወረቀት ሲፈርም የሚያስከትለውን ሁሉ አላመዛዘነም፤ ስሙን የሚጠብቅበትን መንገድም አላበጀም። ቁጣውም ጥቅሙን እንዳይመለከት አድርጎታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሙያ ያለው ሰው ሙያውን ብቻ ሳይሆን የሙያውን ዋጋና መብትም ማወቅ አለበት።

ሆኖም የሉዊ ሕይወት ሌላም ነገር ያስተምራል። ወረቀት የወሰደበት ስሙን እንጂ በእጁና በአእምሮው ያለውን እውቀት አልነበረም። ስሙን ካጣ በኋላ የሠራቸው መኪናዎች በዓለም ታላቅ በሆነው ውድድር ሁለት ጊዜ አሸንፈዋል። ዛሬ በኢንዲያናፖሊስ የእሽቅድድም ሜዳ ሙዚየም አጠገብ የቆመው ሐውልቱ የሚያስታውሰው የኩባንያውን ባለቤት ሳይሆን፣ ከሰዓት ሠሪ ቤት ወጥቶ ሞተር የሠራውንና የነዳውን ሰው ነው። በመኪና ላይ የተጻፈው ስም የኩባንያ ሆኖ ቀርቷል፤ በሥራው ያገኘው ስም ግን እስከ ዛሬ የራሱ ነው።